ስምንት ዓመት የሚቀራቸው ወይዘሮ

ወይዘሮ ወርቅአየሁን የማንያታ ሰፈር ሰው የሚያውቃቸው በስፌታቸው ነው። በኬንያው ሞያሌ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ደጃፍ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። መርፌያቸው የመሐል ጣት ያህል ይረዝማል፤ ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። የቦሎቄ ጆንያ እንደ በቆሎ ጆንያ አይሰፋም ይላሉ፤ ቦሎቄ ስለሚከብድ ታችኛውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መመለስ ያሻል። እርሳቸው የሰፉት ጆንያ ናይሮቢ ደርሶ ባዶውን ሲመለስ ክሩ እንዳልላላ የጭነት ሾፌሮች ይመሰክሩላቸዋል። ወይዘሮዋም ምስክርነቱን ቀና ብለው ይቀበሉታል፤ "ኧረ ተዉ" ማለት አይወዱም።

ለረጅም ዘመን ጎረቤታቸው ስለነበርኩ ታሪካቸውን አውቀዋለሁ። የተወለዱት ነገሌ ቦረና ነው፤ ዘመኑም ሰኔ 1954 ዓ.ም.። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከብዙ ሰው ጋር ድንበር ተሻግረው ዋልዳ መጠለያ ገቡ። ከዋልዳ ኑሯቸው ደጋግመው የሚያወሩት አንዱን ቀን ነው። ወባ ይዟቸው ስለነበር ለራሽን ዘግይተው ሄዱና ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ከፊት ከነበሩት አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ካርድ ይዘው ኖሯል። የእርሳቸው ተራ ሲደርስ ዱቄቱ አልቆ ነበር።

"ማንንም አልረገምኩም፤ ሁሉም ርቦት ነው" ይላሉ። "ግን የሰልፍ መጨረሻ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።"

በኋላ ጎዳና የሚባል የዚሁ አገር ሰው፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ አገባቸው። መታወቂያ ሊያወጡ አብረው ሲሄዱ ጸሐፊው የልደት ዘመን ጠየቀ። ወርቅአየሁ "ሃምሳ አራት" አሉ፤ ጎዳና ያንኑ በስዋሂሊ ተረጎመ፤ ጸሐፊውም 1954 ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ። በሁለቱ ሃምሳ አራቶች መካከል ስንት ዓመት እንዳለ በዚያች ሰዓት ከሦስቱ አንዳቸውም አላሰቡም። ቤት ገብተው ሲያስተውሉት ጎዳና "ሳላውቅ አሮጊት አግብቻለሁ" እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። ለማሳረም ማርሳቢት ድረስ መሄድ ነበረባቸውና ነገሩ እንደዚያው ቀረ። ጎዳናም ሚሚ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ትቶላቸው አረፈ።

ስህተቱ ሰላሳ ዓመት ያህል ማንንም ሳያስቸግር ተኝቶ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተነሣ። የኬንያ መንግሥት ሰባ ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን በወር ሁለት ሺህ ሺሊንግ ይሰጣል፤ የሞያሌ ሰው "ፔሳ ያ ዋዜ"፣ የሽማግሌዎች ገንዘብ፣ ይለዋል። በዚያ ሰሞን አዲስ ሰው ይመዝገብ ተብሎ ለሰፈሩ ሠላሳ ቦታ ደረሰው። ስሞቹ የተለቀሙት ከመታወቂያ ነበርና የወይዘሮ ወርቅአየሁ ስም ከሠላሳዎቹ አንዱ ሆኖ ወጣ።

ሚሚ ወሬውን ስትሰማ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሁለት ሺህ ሺሊንግ የእናቷን የቤት ኪራይ ይችላል።

"እማ፣ አንቺ አልዋሸሽ፣ አልሰረቅሽ" አለቻቸው ወደ ስብሰባው ሲሄዱ። "የጻፈው መንግሥት ራሱ ነው።"

"መንግሥት የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው።"

"ጉልበትሽስ? ትናንት ከመቀመጫሽ ለመነሣት ግድግዳ ይዘሽ አልነበር?"

"ጉልበቴ ሰባ ሞልቶት ይሆናል። እኔ ስልሳ ሁለቴ ነው።"

"እሺ፣ ስምንት ዓመት ቆይተሽ ስትሄጂ ይኖራል ብለሽ ነው? ዛሬ የሚሰጠውን ነው የምናውቀው። የዛሬ ስምንት ዓመት ማን ይሰጣል?"

"እኔም የምፈራው እሱን ነው" አሉ ወይዘሮዋ።

ባራዛው፣ ማለት የሰፈሩ ስብሰባ፣ ከቺፉ፣ ከሰፈሩ የመንግሥት ሹም፣ ቢሮ ፊት ባለው ግራር ሥር ነበር። እኔም ከወንበሮቹ ጀርባ ቆሜአለሁ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከጎረቤታቸው ከአዮ ጃለቱ ጎን ተቀመጡ። አዮ ጃለቱ፣ ማለት እናት ጃለቱ፣ ወተት ሲሸጡ ያረጁ የቦረና ሴት ናቸው፤ የልጅ ልጅ ልጅ አይተዋል። መታወቂያቸው ግን ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው ይላል፤ ያኔ የጻፈላቸው ሰው ዕድሜያቸውን የገመተው ፊታቸውን አይቶ ነበርና። ስለዚህ ከሠላሳዎቹ ውስጥ አልገቡም። የመጡት ለጎረቤታቸው ደስ ሊላቸው ነው።

ቺፍ ሊበን ስሞቹን እየጠራ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ተነሡ።

"ቺፍ፣ እኔ ሰባ አልሞላኝም።"

"ማማ ሚሚ፣ ኪፓንዴሽ ሞልቶሻል ይላል።"

"መታወቂያው ተሳስቷል።"

ሰው ሳቀ። ከኋላ ሁቃ የሚባለው ጋሪ ነጂ፣ "ባል ልታገባ ነው ዕድሜዋን የምትቀንሰው" አለ።

"አንተ ብትለምነኝ እንኳ እምቢ ነው" አሉት ሳይዞሩ። ይህን ጊዜ ሳቁ በሁቃ ላይ ሆነ።

ወይዘሮዋ የሃምሳ አራቱን ነገር አስረዱ። የድንበር ሰው ስለሆነ የሐበሻ አቆጣጠር ወደ ኋላ እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም፤ በስንት እንደሚሄድ ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ ነጋዴ ሰባት ነው አለ፤ ሌላው ስምንት ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ያለው ልዩነት ሰባት ነው፣ የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ ስምንት ይሆናል። ቺፉ እስክሪብቶውን እንደያዘ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያል።

ነገሩን የፈቱት ሽማግሌው ቦናያ ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ዕድሜ የሚቆጥሩት በወረቀት ሳይሆን በአባ ገዳ ዘመን ነው።

"የተወለድሽው ሰኔ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አቦ።"

"እንግዲያው ስምንት ነው። ስምንት ማለት አንድ ገዳ ነው። እነዚህ ሐበሾች ከሰው ሁሉ አንድ ገዳ ዘግይተው ነው የሚነሡት፤ ይኸው ነው።"

ቦረናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ሐበሾቹም ስድቡን ወደዱት።

ቺፍ ሊበን ግን አልሳቀም። "ማማ ሚሚ፣ ደኅና አድርገሽ አስቢ። ስምሽን ካወጣሁት ነገ ሐሳቤን ለወጥኩ ብትዪ አይመለስም። ኪራይ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ዝም ብትዪ የሚጠይቅሽ የለም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔ ዝም ካልኩ፣ ያም ዝም ካለ፣ ያልደረሰን ሁሉ ገብተን ከወሰድን፣ ሰባ ሲሞላኝ የምመጣው ምን ላይ ነው? ተራዬ ሲደርስ ላገኘው እፈልጋለሁ። አውጣኝ።"

ሚሚ ከጎኔ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

በልጅነታችን የምናነበው የቅን ሰው ታሪክ ሁልጊዜ በሽልማት ያበቃ ነበር፤ አንድ ባለጸጋ ይመጣና ለቅኑ ሰው ላም ይሰጠዋል። በሞያሌው ግራር ሥር ላም ይዞ የመጣ አልነበረም። ሽማግሌው ቦናያ ግን አጋጣሚዋን አላሳለፏትም።

"ዕድሜ የምታርሙ ከሆነ የጃለቱንም አርሙ" አሉ። "ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ ገዳ ነው የተወለደችው። ሰባ አምስት አያንሳትም።"

"እኔ ምንም አላልኩም" አሉ አዮ ጃለቱ ደንግጠው።

"አንቺ ምን ጊዜም ምንም አትዪም። ለዚህ ነው ስልሳ ሦስት ያደረጉሽ።"

ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም መሰከሩ፤ ቺፉም ቃላቸውን ጽፎ አስፈረማቸው። ይህ በቂ እንዳልሆነ፣ መታወቂያው ራሱ መታረም እንዳለበት አልሸሸገም። በኋላ ሰባት ወር ፈጅቶ ታርሟል፤ ያን ቀን ግን ይሳካል ብሎ የሚምል አልነበረም።

ቀጥሎ የወይዘሮዋን ስም ማውጣት መጣ። ቺፉ የቅጾቹን ጥራዝ ከፊት ወደ ኋላ ገለጠው። ለሞተ ሰው ቅጽ አለ፤ ሰፈር ለለቀቀ አለ፤ ሁለት ጊዜ ለተመዘገበ አለ። አልደረስኩም ለሚል ሰው ግን አልተዘጋጀም። ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት አወጣና በእጁ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ አነበበላቸው።

"አንድ ነገር ጨምርበት" አሉ። "በሁለት ሺህ ሠላሳ ሁለት፣ በእናንተ ቁጥር፣ ሰኔ ላይ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ቦታዬ ይጠብቀኝ በል።"

"ማማ ሚሚ፣ እኔ ያኔ እዚህ ወንበር ላይ የለሁም። ይህን ለማን ብዬ ልጻፈው?"

"ለሚኖረው።"

ቺፍ ሊበን ጥቂት አሰበና ጻፈው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ በአማርኛ ስማቸውን ሙሉ አድርገው ፈረሙ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ከወረቀቱ ላይ ዐይናቸውን አላነሡም። ተመልሰው ሲቀመጡ አዮ ጃለቱ እጃቸውን ይዘው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከኋላ ሁቃ እንኳ ባርኔጣውን አውልቋል። እኔም ጎረቤታቸው በመሆኔ ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ።

ያን ጊዜ ሚሚ ከጎኔ ተለይታ ወደ ፊት ሄደች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

"ቺፍ" አለች፣ "እኔስ በስንት ልምጣ?"

"በስንት ተወለድሽ?"

"ዘጠና አራት። በናንተ።"

ቺፉ በወረቀቱ ጀርባ ደመረ። "በሁለት ሺህ ስልሳ አራት።"

ሰዉ የያዘውን ሳቅ ሁሉ ያን ጊዜ ለቀቀው። አርባ ዓመት፤ አምስት ገዳ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ብቻ አልሳቁም።

"ምን ያስቃችኋል?" አሉ። "ጻፍላት።"