ከማዶ ማማ የሚመጣ ድምፅ

በጣሊያን ጊዜ ሴት ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ከሸዋ ሮቢት በታች ያለው ማሽላችን እሸት ይዞ ነበር። ባለቤቴ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ ይጠብቃል። ዓይኑ ግን ከክንድ ያለፈ ነገር አይለይም። ወፉ ሲወርድ የምትነግረው ከማዶ ማማዋ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ።

«ጋሼ፣ በቀኝዎ! ከግራሩ ወዲህ!»

ወንጭፉ ይጮኻል። ሳቋ ይከተላል።

«አሁን የመቱት እኮ የእኔን ማሽላ ነው።»

«ታዲያ ወፎችሽን ለይተሽ ላኪልኝ።»

ቤታችን እርሻው ዳር ስለነበር ሁሉንም ተኝቼ እሰማለሁ። ክርስትናው እስኪደርስ መውጣት አልችልም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሴት ለባሌ ግራ ቀኙን ታሳየዋለች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ልጄን እያጠባሁ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ክርስትናው ሲያልፍ ማሽላው ገና አልታጨደም። መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች ሰፈር ሐኪም እንዳለ ሰምቼ እንሂድ አልኩት። እዚያ የገባ ባንዳ ይባላልና እምቢ አለ። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ በመጨረሻ ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኑን በትንሽ መብራት መረመረና በአስተርጓሚ አስረዳን። የሰው ዓይን እንደ ብርቱካን ክብ ነው፤ የእሱ ግን እንደ እንቁላል ወደ ኋላ ረዝሟል። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ዓይኑ ጀርባ ካለው ስስ ገጽ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ስለሚገጥም ምስሉ ይደበዝዛል። የቅርቡ ግን በልኩ ያርፋል። ከሣጥን ውስጥ መሃሉ የሳሳ፣ ጠርዙ የወፈረ መነጽር ፈልጎ ሰጠው፤ ብርሃኑን ወደ ኋላ የሚገፋለት ነው አለን።

ከመስታወቱ ጀርባ ዓይኑ አንሶ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ጠሪ አያስፈልገውም።

በማግስቱ ማማው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የተመለከተው ግሪሳውን አልነበረም። ወደ ማዶው ማማ ዞሮ ብዙ ቆየ። እጁን ይዤ የወሰድኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ከታች ደርቄ ቀረሁ።

ማታ ገብቶ መነጽሩን አወለቀና ትራሴ አጠገብ አኖረው። እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«እንዴት ናት?»

«እኔ እንጃ። ነጠላ ለብሳለች። እንዲህ ሳልጠጋ የሰው ፊት ማወቅ አልለመድኩም።»

አመንኩት። ግን ከዚያ በኋላም መነጽሩን አድርጎ፣ ወፉን ራሱ እያየ፣ «በቀኝዎ» እስክትለው ይጠብቅ ነበር።

ዘንድሮ አረፈ። ጎረቤቴ ለቅሶ መጣች፤ እሷም አርጅታለች።

«እትዬ፣ ለመታሰቢያ መነጽራቸውን ይስጡኝ» አለችኝ።

ወንጭፉን አውጥቼ ሰጠኋት። እሱ የሁለታቸው ነበር። መነጽሩ ትራሴ አጠገብ እንዳለ ነው፤ እኔን ለማየት ሲያወልቀው የሚያኖረው እዚያ ነበር።