ለወግዲ የሰገደው ቦክሰኛ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ያስመጣሁትን የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ስፈታ፣ ከኮትና ከሹራቡ መሐል አንድ ቀይ የቦክስ ጓንት ዱብ አለ። አንድ ብቻ፣ የግራ። እኔ ደግሞ በልባሽ ንግድ ያልሸጥኩት ነገር የለም፤ የፈረንጅ ፒጃማ የሰርግ ልብስ ነው ብዬ ሸጫለሁ። ይህን ግን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ሳሸተው መሸጡን ተውኩት። ላብና የረጠበ ቆዳ ይሸታል። ሌላው ቦንዳ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰይድ እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት። ሊያጠልቀው ሞከረ። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ የጓንቱን አፍ አጡት። እኔም ዞር ብዬ ሹራብ ማጠፍ ጀመርኩ።

እኔና ሰይድ መካነ ሰላም ውስጥ አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ሃምሳ አለቃ ውብሸት የሚባሉ ከጦሩ የተመለሱ ሰው ነበሩ። ጓሯቸው ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ጭድና አሸዋ የሞሉት ጆንያ ሰቅለው የሰፈሩን ልጅ ቦክስ ያስተምራሉ። ጆንያው ዝናብ ሲመታው እንደ ሞተ በሬ ይከብድ ነበር፤ ሽታውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰይድ ሲመታው ድምፁ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ስለሚሰማ ዘነዘና አልነው። ጆንያውን ደግፌ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። እጄ ቀጭን፣ አፌ ግን ወፍራም ስለነበር ለሌላ ሥራ አልታጨሁም።

ሃምሳ አለቃ ከሁሉ በፊት ያስተማሩን መምታት አልነበረም። «ሲከብድህ ተንበርከክ» ይሉ ነበር። «ዳኛ እስከ ዐሥር ይቆጥርልሃል። እስከ ስምንት ተንፍስና ተነሥ። ጉልበት ለመቆም ብቻ አልተሰጠህም።» እኛ ግን «ወድቆ መንፈራገጥ ለመላላጥ» በሚባልበት አገር ያደግን ልጆች ነን፤ ነገሩ ብዙም አልገባንም።

አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከጎረቤት ወረዳ ከወግዲ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተደረገ። ለሰይድ የደረሰው ልጅ ጢም ያወጣ ነበር። አምስተኛ ክፍል ነኝ ይበል እንጂ አምስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለው ይመስላል። ገና ሳይሟሟቁ ሰይድን ከጎድኑ ሥር አቀመሰው። ሰይድም እንደተማረው አንድ ጉልበቱን አጥፎ መሬት ያዘ። ሃምሳ አለቃ ሲቆጥሩ ብቻ ይሰማል። ስምንት ላይ ተነሣ፣ አንዲት ቀኝ ሰነዘረ፣ ባለጢሙ በጀርባው ተዘረጋ።

አሸነፈ ማለት ነው። ሳሙናና ደብተር ተሸለመ። እኔ ግን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ሰይዴ፣ የምትሰግድበት ቂብላ ወደ ወግዲ ዞሯል እንዴ?» አልኩት። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነዘና መባሉ ቀርቶ «ለወግዲ የሰገደው» ሆነ። እሱም አብሮን ሳቀ፤ ደብተሩን ግን በሁለት እጁ ጠምዝዞት ነበር። በማግስቱ እናቱ እትዬ ዘሃራ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ደሬ፣ ልጄ አሸንፎ መጥቶ የተሸነፈ ይመስላል። ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

ሰይድ ከዚያ ወዲህ ተንበርክኮ አያውቅም። በልምምድ እንኳ እግሩ እየተብረከረከ ይቆማል። ሃምሳ አለቃ ተናደው «ይህን ልጅ ችካል ያደረገው ማነው?» ሲሉ ወደኔ አዩ። እኔ ጆንያዬን ያዝኩ።

አድጎ አዲስ አበባ በሚሄድበት ቀን ጧት ቤታቸው ዱዓ ተደረገ። ሼሁ «ከእግሩ አይንቀለው፣ መሬት አያስነካው» ሲሉ፣ ክርስቲያኑ እኔ ከሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን አልኩ። መናኸሪያ ላይ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ደሬ፣ ከእንግዲህ ጉልበቴን መሬት አያገኘውም። ለሰፈሩ ንገርልኝ» አለኝ። ነገርኩለት። ጥሩ ወሬ ነጋዴ እጅ አያድርም።

አዲስ አበባ ክለብ ገባ። ከዚያ ዱባይ ተሻግሮ፣ በሥራ ቀን ዘበኛ፣ በዕረፍቱ ቀን ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ሆነ። ከገጠሙት ብዙዎቹ ሁለተኛውን ዙር አላዩትም። ከከላላ ለገበያ የመጣ ሰው ሳይቀር «የዘነዘና አገር ሰው ነህ?» እያለ ዋጋ ሳይከራከር ከኔ ይገዛ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን የማይወድቅ ሰው ገጠመው። ቪዲዮው የደረሰን በማግስቱ ነው። ሱቄ ውስጥ ተሰብስበን በኔ ስልክ እናያለን፤ ውጤቱንም ሰምተናል። ከስድስተኛው ዙር በኋላ ሰይድ እጁ ወረደ። ሰውየው እንደ ጆንያ ይመታዋል፣ እሱ ቆሟል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «ቁም የኔ አንበሳ፣ እንዲህ ነው የኛ ልጅ» ይላል፣ ትናንት ላለቀ ግጥሚያ። ከኔ አፍ «ተንበርከክ» የሚል ቃል ወጣ።

«ምን አልክ?» አለኝ ልብስ ሰፊው።

«ምንም።»

ጣቴን ባሳርፍበት ምስሉ ይቆማል። ምቱ ግን ትናንት አርፏል። ሰይድ እስከ መጨረሻው ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ። ሰፈሩ «አልወደቀም» ብሎ በግ አረደ። እኔም በላሁ።

ከዚያ በኋላም እንደቆመ ብዙ ተመታ። ከዱባይ ሲመለስ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ እጁም አያርፍም። ደሴ ያየው ሐኪም የጭንቅላቱን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ይህ የአንድ ቀን ምት ሳይሆን የተጠራቀመ ነው፣ ወደ ኋላም አይመለስም አለ። እትዬ ዘሃራ ሩቅያ ብለው ቁርኣን አስቀሩበት፣ እኔ ጠበል ወሰድኩት። በሽታው ለሁለታችንም እኩል ጀርባውን ሰጠን። ሃምሳ አለቃን እንዳልጠይቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀደም ብለው ሄደዋል።

አንድ ቀን ጨክኜ፣ «ሰይዴ፣ ያን ጊዜ ያን የቂብላውን ነገር ባልናገር ኖሮ» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና «የቱን?» አለኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጧል፤ በደሌን የሚያውቅልኝ ግን የለም።

ያኔ ሜዳ ሙሉ ልጅ ሲያየው አንድ ጊዜ ብቻ ተንበርከከ፣ ስሙንም ነጠቅነው። ዛሬ በየቀኑ ሱቄ ውስጥ መስገጃውን ቦንዳዎቹ መሐል ያነጥፋል። ረከዓው፣ የስግደቱ ቁጥር፣ ስለሚጠፋበት «ደሬ፣ ቁጠርልኝ» ይለኛል። እኔም ገዢ ቢመጣም ባይመጣም «ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ» እለዋለሁ። ትናንት በቀትሩ ሶላት፣ በዙሁር፣ በመጨረሻው ሱጁድ ግንባሩ መሬት ላይ ቆየ። ቀዩ ጓንት አጠገቡ ወድቋል። ሳላስበው በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ አልተነሣም። ዐሥርን አለፍኩ፤ ጀርባው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሃምሳ አለቃ አላስተማሩንም፤ እኔ ግን መቁጠሬን ቀጠልኩ።