ሲስተር ይደገም

በልጆች ድንገተኛ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ነርስ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ከተረሳ ቆይቷል። «ሲስተር ይደገም» ነው የሚሏት። የልብ ምትን በወረቀት ላይ በመስመር የሚያሳየው ምርመራ ተነሥቶ ደህና ነው ሲባል «ይደገም» ስለምትል ነው። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ በከንቱ ነው የሚደገመው፤ ያኔ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፣ እሷም አፍራ አብራ ትስቃለች። ስሙን ያወጣላት የንብረት ክፍሉ ሹም ነው፤ የምርመራ ወረቀት ሲሰጥ ከገዛ ቆዳው ተልጦ የሚወሰድ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሹፌር የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ከብስክሌት ስትወድቅ መሪው ደረቷን መቷታል። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋና «ንፁህ! መስታወት ነው!» አለ። የልብ ምርመራዋም ደህና ነበር። ሐኪሙ መሸኛዋን መጻፍ ጀመረ፤ ለመሸኛ ሲሆን እጁ ፈጣን ነው።

«ዶክተርዬ፣ የልጅ ጎድን እንደ እርጥብ እንጨት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ምቱ ወደ ልቧ አልፎ ቢሆንስ? ይደገም።»

«ሲስተር፣ አጥንቱ ደህና ነው እኮ!»

«አጥንቱማ ደህና ነው። እሱን አልጠየቅኩም።»

አባትየው ቁልፉን አንቀጫቀጨ። «እህቴ፣ መኪናዬ መንገድ ዘግታ ቆማለች። ልጄ ስትስቅ አታያትም?»

«አያለሁ ወንድሜ። እሙዬ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ልቤ አንዳንዴ ይረሳል» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«መምታቱን።»

ሐኪሙ ሳቀ። የምርመራው ማሽን ወረቀት አልቆ ስለነበር ሲስተር ወደ ንብረት ክፍል ሮጠች።

«ደህና ናት ተብሎ የለ እንዴ?» አለ ሹሙ። «ደህንነቷን ደግመሽ ልታዪ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ በጣም ስላማረኝ!» የወረቀቱን ጥቅል ከእጁ ነጥቃ ተመለሰች።

ምርመራው ሲደገም መስመሩ መጀመሪያ እንደ ጨዋ ልጅ ተራውን ጠብቆ ሄደ። ከዚያ ዘለለ። ደግሞ ዘለለ። ቀጥሎ ሰፋፊ ምቶች እየተጋፉ መጡ፤ የልጅቷ ከንፈር ገረጣ፣ ዓይኗ ተገለበጠ። የሐኪሙ እስክሪብቶ ወለል ላይ ወደቀ። በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቧን ወደ ተራው መለሱት፤ አባትየው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ፣ መኪናውን ማንም አላስታወሰው።

በአልትራሳውንድ ሲታይ የልቧ ጡንቻ በምቱ ተጎድቶ ነበር። ልቧን ሌት ተቀን ከሚቆጣጠረው ማሽን ሥር አራት ቀን ተኛች። አባትየው የሐኪሙን ትከሻ ስሞ አልጠገበም፤ ሐኪሙም «ከመጀመሪያው ተጠራጥሬ ነበር» አለ። የንብረት ሹሙ ደግሞ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ጥቅል ነጥቆ መሮጥ ክልክል ነው።»

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ምርመራ ተነሣ። መስመሩ አንድም ምት ሳይዘል በሥርዓት የሚሄድ ነበር። ሲስተር ሦስት ጊዜ አየችውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይደገም» ሳትል ወረቀቱን አጠፈች።

ሐኪሙ መሸኛውን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣ። ልጅቷን አያት። እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ሲስተር» አለ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይደገም።»