ለምርመራ የደለቡ አምባዛዎች

እሁድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሰንበቴ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ስደርስ በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው በረዶ የተሞላ ሰማያዊ ሳጥን ይዣለሁ። የምሄደው ከሚሴ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከቦርከና ወንዝ የአምባዛ ደምና ጉበት ላመጣ። ውሃው ተበክሎ እንደሆነ የዓሣው ጉበት ምልክት ያሳያል። ችግሩ ያንኑ ምልክት ሙቀትም፣ ረሃብም፣ ጥጋብም፣ እንቁላል መያዝም፣ ድንጋጤም ሊያመጣው መቻሉ ነው። የአምባዛ ጉበት እንደኔ ሆደ ባሻ ነው፤ በሆነው ባልሆነው ይለዋወጣል።

ረዳቱ ሳጥኑን ጣራ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞገተኝ። እኔም ከእግሬ ሥር ካልሆነ አልሄድም አልኩና አሸነፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ያቀፈች ሴት ግን ሳጥኑን ስታየው ቆይታ የፖሊዮ ክትባት ነው ብላ ደመደመች። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስገዛ የልጇን አፍ አስከፍታ አቀረበችልኝ። ዓሣ ልመረምር የምሄድ እንጂ ነርስ አይደለሁም ስላት ዓሣ ደግሞ ምን ሆንኩ ብሎ ይመረመራል አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆሎዬን ግን ከልጇ ጋር ተጋግዘው ጨረሱልኝ።

ሸዋሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ። ሰንበቴ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በከብትና በግመል ተዘግቶ ቆምን። ከአፋር የመጡት ነጋዴዎችና ደገኞቹ ዋጋ ይከራከራሉ። ሆዱ ግራና ቀኝ የተነፋ በሬ በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ከኋላዬ ያለው ነጋዴ ሳቀ። ጨው አልሰው ውሃ አጠጥተውት ነው፣ ነገ ይህ ሁሉ ሆድ የለም አለን። ለገዢው አዘንኩለት። ለራሴም ማዘን እንደነበረብኝ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ሰኞ፣ ከሚሴ

ያረፍኩት ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ሴት ሆቴል ነው። በጾም ወራት ለሾፌሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች የዓሣ ጥብስ ይሸጡ ነበር። ከላይ በኩል ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ ይለቀቃል የሚል ወሬ ከተነሳ ወዲህ ግን ትተውታል። ዓሣውን ያቀርቡላቸው የነበሩት ጋሽ ሰይድ የሚባሉ አጥማጅ ናቸው፤ እኔም አስቀድሜ ደውዬ አምባዛ እንዲያጠምዱልኝ የለመንኩት እሳቸውን ነው። ወይዘሮ አልማዝ በረዶዬን በፍሪጃቸው እያደሱልኝ፣ አንቺ ደህና ነው ካልሽ ነገውኑ እገዛቸዋለሁ አሉኝ።

ባጃጁ የቻለውን ያህል ወሰደኝ፤ የቀረውን የጨፋን ረግረግ እየረገጥኩ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ መለስኩት። ጋሽ ሰይድና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ።

"አካም ጂርታ የኔ እናት፣ አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠየቁኝ። ስለ ዓሣው የተነሳው ከብዙ ሻይ በኋላ ነው።

ከጓሮ ወሰዱኝ። ጉድጓድ ቆፍረው የወንዝ ውሃ መልሰውበታል። እፍኝ ፉርሽካ ሲበትኑ አምባዛዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወጡ። ሆዳቸው የሰንበቴውን በሬ ያስንቃል።

"ከደወልሽ ጀምሮ ጦማቸውን አላደሩም፣ ወላሂ" አሉ ጋሽ ሰይድ። "መርማሪ ይመጣል ተብሎ ከሲታ ይቀርባል እንዴ? ገበያ እንኳ ከሲታ በሬ አይወጣም።"

አንዱን ቀደድኩት። ጉበቱ ነጣ ብሎ ስብ ለብሷል። በብክለት የተጎዳ ጉበት እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በፉርሽካ የጠገበም እንዲሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት በቀጥታ ከወንዙ የወጣ ዓሣ ያስፈልገኝ ነበር። ይህንን ሳስረዳቸው ጋሽ ሰይድ መረባቸውን አነሱ። ወንዙ ግን ደጋ ላይ በዘነበው በልግ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። መረቡን አንዴ ጣሉት፤ መልሰን ለማውጣት እኔ የጋሽ ሰይድን ሽርጥ፣ ወይዘሮ ፋጡማ የእኔን ቀሚስ ይዘን ጎተትን። ያወጣነው ጭቃ ብቻ ነው።

ስንመለስ ልጆቻቸው የጉድጓዱን ዓሦች ከበው ይጫወታሉ። ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የአልማዝን ነገር ተይው። እነዚህ ያደጉት በዚህ ዓሣ ነው። ላብላቸው ወይስ ልተው? እሱን ንገሪኝ።"

ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል አልኳቸው። ይህች አረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ስትጻፍ ታምራለች። እዚያ ግን ከአፌ ስትወጣ አፈርኩ።

"አብሽሪ" ብለው ጭራሽ እኔኑ አጽናኑኝ።

ማክሰኞ፣ ወደ ቤት

የማይረባ ጉበት ተሸክሜ አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። መምህሬ ታሪኩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ የፉርሽካ ጥናት እንጂ የብክለት ጥናት አይደለም አሉ። እኔ የተማርኩት ዓሣውን የሚለውጡት ሙቀትና ምግብ ብቻ አለመሆናቸውን ነው፤ በእንግዳ ፊት ላለመዋረድ የሚደረገውም ሁሉ ጉበቱ ውስጥ ይገባል። ይህንን የሚነግረኝ መጽሐፍ አላነበብኩም።

ክረምቱ አልፎ ጋሽ ሰይድ ደወሉ። ወንዙ ጎድሎ አዲስ አምባዛ አጥምደው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳስገቡልኝ ነገሩኝ። በድንጋጤ ምን እያበሏቸው እንደሆነ ጠየቅኩ።

"ምንም። ስብ እንደማትፈልጊ አይቼ የለ? ከያዝኳቸው ጀምሮ አንዲት ፍርፋሪ አላቀመስኳቸውም።"

ሳቄን አፍኜ ረሃብም ጉበቱን እንደሚለውጠው ልነግራቸው ስል ቀጠሉ።

"እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ ዓሣ አልቀመስንም። ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ ያች ልጅ ሳትናገር አይበላም እላቸዋለሁ።"

ዓሦቹን አሁኑኑ ወንዙ ውስጥ ልቀቋቸው፣ አብረን እናጠምዳለን አልኳቸውና በረዶ ፍለጋ ወጣሁ።