የራሱን ንፍሮ የበላው ጎረቤታችን

ነፋስ ሲነሳ የባንዲራ ገመድ ከብረት ምሰሶው ጋር እየተላተመ ቀጭ ቀጭ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የት እንዳለሁ እረሳና ኖርዌይ፣ ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር በሚገኘው ብሎካችን ደረጃ ላይ፣ እማዬ ያሸከመችኝን ትኩስ ንፍሮ ታቅፌ የቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ማብቂያ ላይ ነበር።

በበረዶው ወራት ደረጃችን ላይ ድምፅ የሚባል አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ከመውጣታቸው በፊት በበሩ ቀዳዳ አይተው፣ ደረጃው ላይ ሰው ካለ እስኪያልፍ ይጠብቁ ነበር። እማዬ ደግሞ ሰላም ሳትል ማለፍ ስለማይሆንላት፣ ከበሩ ጀርባ ለተደበቀው ሰው «ሃይ ሃይ!» ብላ ታልፍ ነበር። ሳይደውል በራችንን የሚያንኳኳ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ እሳቸውም እትዬ ለተብርሃን፣ ሁለት ብሎክ አልፈው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት ናቸው። እማዬን ያስጨንቃት የነበረው ታዲያ ብርዱ አልነበረም። «እዚህ አገር አንድ ነገር ብንሆን በራችንን ማን ያንኳኳል?» ትል ነበር፤ አባዬ «አምቡላንስ» ብሎ ሲመልስላት ሙሉ ቀን ታኮርፈው ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ከእኛ በታች የሚኖረው አርነ ከዓይን ጠፋ። አርነና ሚስቱ ጉንቮር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሎኩ ገና አዲስ ሳለ ሙሽሮች ሆነው ገብተው እዚያው ያረጁ ሰዎች ነበሩ። ለፋሲካቸው ሰሞን ጉንቮር ብቻዋን ትወጣ ትገባ ጀመር፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መሐረብ ከእጇ አይለይም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢያችን ባንዲራ እስከ ምሰሶው ግማሽ ዝቅ ብሎ አየሁ፤ ይህ ደግሞ ከብሎኮቹ ነዋሪ አንዱ ሲሞት የሚደረግ ነው። እማዬም በመስኮት አየችና «አርነ!» ብላ ደረቷን መታች።

«እውነት መሆኑን መጀመሪያ ብንጠይቃትስ?» አልኳት።

«ሐዘንተኛ ይጠየቃል እንዴ? ይደረስላታል እንጂ!»

ማታውን ስንዴና ሽንብራ ዘፍዝፋ፣ በማግስቱ ቀቅላ፣ እትዬ ለተብርሃንን ጠርታ፣ ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ እኔ ንፍሮውን ታቅፌ ከኋላ ወረድን። «ዋይ ኣነ! ዋይ ኣነ!» እያሉ እትዬ ለተብርሃን ደረጃውን በለቅሶ ሲያናውጡት፣ በየፎቁ በሮች በጣት ስፋት ሲከፈቱ አየሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ጉንቮር በሯን ስትከፍት እማዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉንቮር ሁለት እጇን እንደ ዘረጋች ደርቃ ቀረች፤ ቀጥሎ ምኑም ሳይገባት እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ይኼኔ ከኋላዋ በሱፍ ካልሲ አርነ ብቅ አለ። ያን ጠዋት ገና ከተራራው የዕረፍት ቤታቸው መመለሱ ነበር፤ ፊቱ በበረዶ ላይ ፀሐይ ተለብልቦ በርበሬ መስሏል፣ መነጽር ያረፈበት የዓይኑ ዙሪያ ብቻ ነጭ ቀርቷል። እትዬ ለተብርሃን «በስመ አብ!» ብለው አማትበው የደረጃውን ብረት ጨበጡ።

«ማን ነው የሞተው?» ብሎ በኖርዌይኛ እኔን ጠየቀኝ።

«አንተ» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «ኔይ» አለ፤ አይደለሁም ማለቱ ነው።

የጉንቮርን ዓይን ያሳበጠው የዛፎቹ አበባ ብናኝ አለርጂ ኖሯል፤ ከተራራውም የቀረችው ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። ባንዲራው ዝቅ ያለው ሌላ ብሎክ ለምትኖር አሮጊት ነበር። ገብተን ተቀምጠን ይህን ስተረጉምላት እማዬ «እንግዲያው ወደዚያ እንሂዳ!» ብላ ከሶፋው ተነሳች፤ እትዬ ለተብርሃን ጎትተው አስቀመጧት። አርነ በበኩሉ ንፍሮውን ቀመሰ፣ ደገመ፣ ሳህኑን አጸዳ። ለራሱ ለቅሶ የመጣ ንፍሮ በልቶ የጠገበ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ጉንቮር ግን ከደረጃው ነዋሪዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን የገዙት እነሱ እንደነበሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ወንበሩን ይዞ እየመጣ ሳሎኑን ይሞላው እንደነበር፣ ሁሉም የየራሱን ሲገዛ ግን ወንበሮቹም ሰዎቹም እንደቀሩ ነገረችን። «ከዚያ ወዲህ ሳይደውል የመጣ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ» አለች። ቅሬታ ይሁን ምስጋና ስላልገባኝ እንዳለ ተረጎምኩት።

በጋውንና መኸሩን እማዬና አርነ በዚህ ነገር ሲቃለዱ ከረሙ። «እንደምን ነህ?» ስትለው የሚመልሰውን አስተምራው ስለነበር፣ ገና ከታች ኮቴዋን ሲሰማ በሩን ብርግድ አድርጎ «አለሁ!» ብሎ ይጮህ ነበር። እማዬም ከገበያ ስትመለስ በዚያች ቃል ደስ ብሏት ትገባ ነበር።

በረዶው ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ለተብርሃን ከእኛው ጋር ተቀምጠው ስለነበር ሁላችንም ተያየን። ጉንቮር ነበረች፤ በቤት ጫማ፣ ያለ ሹራብ።

«አሁን እውነት ነው» አለች።

እማዬ ምንም አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በካልሲዋ ወረደች። ሦስት ቀን ከጎኗ ተቀመጠች። በቀዳዳ ያዩ የነበሩት ጎረቤቶችም አንድ በአንድ መጡ፤ መቀመጫ ሲጠብ አንዱ ሽማግሌ ወጥቶ የራሱን ወንበር ይዞ ተመለሰ። ጉንቮር ወንበሩን ስታይ አለቀሰች፤ ያኔ ብናኝ አልነበረም።

ዛሬ የምኖረው እዚያው ከተማ፣ ሆልምሊያ የሚባል ሰፈር ነው። እናቴ ቤት እንኳ መልእክት ሳልልክ አልሄድም፤ እሷም ትስቅብኛለች። ፊት ለፊቴ ያለችውን ጎረቤቴን የማውቃት በር ላይ በምትተዋቸው ጫማዎቿ ነው። የግቢው ባንዲራ ዝቅ ብሎ ባየሁ ቁጥር ግን ማታውን ስንዴና ሽንብራ እዘፈዝፋለሁ፤ በማግስቱም ቀቅዬ፣ እስከ ራሴ በር ድረስ ይዤው ሄጄ፣ በቀዳዳው ውጭውን አያለሁ። እስካሁን ብቻዬን ነው የበላሁት።