ቀዩ ሹካ የእንግዳ ነው

ስሟን ትቼ ሰፈሩ በሚጠራት ልጥራት፤ እትዬ ወግ። ልብስ ሰፊ ነበረች። የእሷ በርና የእኔ በር በአንድ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት ስለሆኑ፣ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም።

እትዬ ወግ ቤት ሳሎን ለመቀመጫ አልነበረም፤ ለመታያ ነበር። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም። በሙቀት ጊዜ ተቀምጠሽ ስትነሺ ላስቲኩ ጭንሽን ይዞ አልለቅም ይላል፤ ሲለቅም ጧ ብሎ ያሳፍርሻል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ስልኩ እንኳ ባለ ዘርፍ ቀሚስ ስለነበረው፣ ሲጮህ ቀሚሱን ገልበን ነበር የምናነሳው። ባለ መስታወቱ ቡፌ ውስጥ አንድም ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። “ለማን ነው?” ስላት “ለእንግዳ” ትለኛለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ “ለትልቅ እንግዳ” ትላለች። ያ ትልቅ እንግዳ እስካሁን መንገድ ላይ ይሆናል።

ባሏ በጊዜ ስለሞተባት አንዲት ሴት ልጇን በስፌት መኪናዋ አሳድጋ ፋርማሲስት አደረገቻት። ልጅቱ ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ሄደች። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጅ ሆና የሄደችው እንግዳ ሆና ተመለሰች። ለጥየቃ ስትመጣ እናቷ “ግቢ፣ ግቢ የኔ እመቤት” ብላ ሶፋው ላይ ታስቀምጣታለች፤ ጉልበቷ ላይ የተጠለፈ ፎጣ ታነጥፍላታለች፤ ራሷ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች። ልጅቱ “ወጥ ቤት ልግባና ላግዝሽ” ካለች፣

“ወይ ጉዴ! ምን ጎድሎብሽ?” ትላለች እናት።

በዚያ ወጥ ቤት ወለል ላይ እኮ ነው የዳኸችው!

እንዲህ እያለ የልጅቱ ጥየቃ አጠረ። መጀመሪያ ሳምንት ትከርም የነበረችው አንድ ሌሊት አድራ መሄድ ጀመረች፤ በኋላማ በሁለት አውቶቡስ መሃል ብቅ ብላ የምትጠፋ ሆነች።

ከዚያ ወደ እኛ ከተማ ሆስፒታል ተዛወረች ተባለ። እትዬ ወግ መሬት አልበቃ አላት። ልጅቱ ግን ጓደኛዋ ዘንድ አረፈችና የኪራይ ክፍል መፈለግ ያዘች። ስትደውል እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

“እማዬ፣ እኔ እኮ ቤትሽ ውስጥ የት እንደምቀመጥ አላውቅም።”

እትዬ ወግ ስልኩን ዘግታ ቀሚሱን መልሳ አለበሰችው።

“ምን ማለቷ ነው?” አለችኝ። “ሶፋው እኮ ሦስት ሰው ይይዛል።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ነይ ቤትሽ ግቢ በያትና ይለቅ።”

“ልጄን ልለምን? አፌን በእስፒል ብሰካው ይሻለኛል።”

እንዲህ አለችኝና ሌሊቱን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ሲንጫጫ አደረ። የሚሰፋ ነገር እንዳልነበረ ጠዋት ገባኝ፤ ባዶ ጨርቅ ላይ ነበር ስትነዳው ያደረችው።

በዚያው ሰሞን የአንድ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ቀሚስ አሰፋች። ወፈር ያለች ሴት ናት። እትዬ ወግ ስፌቱን ከብብት እስከ ታች ወርውራ ግማሽ ሴት አስመሰለቻት። ሴትየዋ ደስታዋን መያዝ ቢያቅታት ቤቷ ተደርቦ የተቀመጠ የፎንዱ ዕቃ ይዛላት መጣች። ቀይ ድስት ነው፤ ከሥሩ በአልኮል የምትነድ ኩራዝ መሳይ አለችው፤ ረጃጅም ሹካዎችም አሉት፤ የአንዱ ሹካ ከሌላው እንዳይምታታ ጫፋቸው በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ተቀብቷል።

“ፎርማጆ ታቀልጪና መሃል ታስቀምጫለሽ፤ ሁሉም ዳቦውን እየነከረ ይበላል። ሲያልቅ ደግሞ ቸኮሌት አቅልጠሽ ፍራፍሬ ነው” አለቻት። “ወጣቶች ነፍሳቸው ነው። ሰው ዘና ይልበታል።”

እትዬ ወግ ከዚህ ሁሉ “ዘና” የምትለዋን ያዘች። ልጇን ዘና ልታደርጋት ቆርጣ ተነሳች።

ካርቶኑ ላይ ፎቶ ነበረ፤ ወጣቶች ድስቱን ከበው ይስቃሉ። እትዬ ወግ እንደ ልብስ ሞዴል አነጠፈችውና በሜትር መለካት ብቻ ሲቀራት መረመረችው።

“ይቺ ካልሲዋን ብቻ ናት። ይሄ ደግሞ ወለል ላይ ተቀምጧል። ምነው፣ ወንበር የላቸውም?”

“ዘና ብለው ነው” አልኳት።

“እኛ ወንበር ላይ ሆነን ዘና እንላለን።”

ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞረች። ከሹካዎቹ ቀለም ጋር የሚሄዱ ፎጣዎች ሰፋች፣ የጠረጴዛ ልብስ ጠለፈች፤ ድስቱም ራሱ ብርድ የሚመታው ይመስል ባለ ዳንቴል ኮት ተሰፋለት። ቀዩ ሹካ የእንግዳ ነው ተባለ። የልጇ መሆኑ ነው እንግዲህ! የቤቱን ትልቅ ሰው ቦታ እንዲሞሉ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ተጠሩ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ካዩ ንግግር ያደርጋሉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገባን። ድስቱን በነጭ ሽንኩርት አሸች፣ ነጭ ወይን ጠብ አደረገች፤ እኔ የፈቀፈቅኩትን ፎርማጆ በበቆሎ ዱቄት አሽታ በጭብጥ በጭብጥ ትጨምራለች። መጀመሪያ ተጓጎለ፤ ሁለታችንም ላብ አጠመቀን። ቀስ በቀስ ግን ለስልሶ እንደ ሐር የሚወርድ ሆነ። ሽታው! አንዲት ቁራሽ ዳቦ ልነክር እጄን ብሰድ በማማሰያው ጀርባ መታችኝ።

“እንግዳ ሳይቀምስ?”

ቸኮሌቱን በወተት ያቀለጠችው በጎድጓዳዋ አሮጌ ድስት ነው። ጎኗ የገባ፣ አንድ ጆሮዋ የተሰበረ ድስት ናት። “ኋላ ቀዩ ድስት ሲያልቅ አጥበን እንገለብጠዋለን፤ ይቺንማ ሰው እንዳያያት” አለችና ምድጃው ሥር ሸሸገቻት።

ልጅቱ መጣች። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም፤ ጭኗ ላይ ይዛው ተቀመጠች። እናቷ ያን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ድስቱ ኮቱን ለብሶ ገባ፣ ሹካ ታደለ።

“ቢጫ ለእኔ?” አሉ ጋሼ። “ምን አጠፋሁ? ዳኛው ማን ነው?”

ልጅቱ ፈገግ ልትል ስትል ጋሼ ለንግግር ተነሱ። ስለ እናት ልፋት፣ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ተናገሩ። በመሃል የኩራዟ ነበልባል ወደ ዳንቴሉ ሲያዘነብል እትዬ ወግ ቀስ ብላ እፍ አለችና አጠፋቻት። ጠለፋዋ አሳዘናት።

ንግግሩ አለቀ። አሁን መብላት ነው የቀረው።

“በይ የኔ እመቤት፣ ጀምሪ።”

“ኧረ እማዬ፣ ጋሼ እያሉ?”

“ወንድም ጋሼ፣ ይጀምሩ።”

“እኔ ባለቤት ሳይቀምስ? እስቲ ጎረቤታችን ትጀምርልን።”

“ኧረ አይሆንም” አልኩ። ሆዴ ግን ይሁን ይሁን ይላል።

“በሞቴ!”

“እኔ ልሙት፣ እርስዎ!”

ስንት ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመሞት እንደተዘጋጀ! ያ እንደ ሐር የነበረ ፎርማጆ እኛ ስንማማል ፊቱን አጠቆረ፣ ጠርዙን ቆዳ ያዘው። በመጨረሻ ስምምነት ሆነ፤ አራታችንም እኩል እንድንነክር። እኩል ነከርን። ሹካዎቹ ገቡ፤ አልወጡም። ጋሼ ኃይል ጨምረው ሲስቡ ድስቱ ከነኮቱ በቢጫው ሹካ ተንጠልጥሎ ተነሳ።

“አሁንስ ቀይ ይገባኛል” አሉ ድስቱን አየር ላይ እንደያዙ።

ማንም አልሳቀም፤ የእትዬ ወግን ፊት ያየ አይስቅም። ልጅቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አወጣች።

“ችግር የለም፣ ጣፋጩ አለ” አለችና እትዬ ወግ ድስቱን ከነሹካዎቹ ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። በሩንም ዘጋች።

ቆየች። የሚፋቅ ነገር ይሰማል፤ ቆርቆሮ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ልጅቱ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ተነሳች። ላስቲኩ ጧ አለ። በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው፤ እኔም ተከተልኳት።

እትዬ ወግ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፎርማጆውን በጨርቅ መቀሷ ትቆፍራለች። በጨርቅ መቀሷ! እኛ ወረቀት እንኳ እንዳንቆርጥበት ትደብቀው የነበረውን መቀስ! እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

“ውጪ!” አለች። “ውጪ፣ ይሄ የሚታይ አይደለም። ቸኮሌቱን የማቀርብበት ዕቃ የለኝም።”

ልጅቱ ግን እሷን አትሰማም። ምድጃው ሥር ተንበርክካለች።

“ይቺ ድስት አለች እንዴ?” አለች። “እማዬ! ወተቴን የምታፈዪባት! ጆሮዋን እኮ እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ ደረጃ ላይ ጥያት።”

“ተያት፣ አሮጌ ናት...”

ልጅቱ አንድ ሙዝ ላጠችና ቸኮሌቱ ውስጥ እስከ አንጓዋ አስገባችው።

“ሹካ!” ብላ ጮኸች እናት። “ሹካ ላምጣልሽ!”

ሹካዎቹ ሁሉ ፎርማጆው ውስጥ ተተክለው ቆመዋል። ሁለቱም እኩል አዩዋቸው። መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ወግ ናት፤ ያን ሳቋን የባሏ ሞት ከተሰማ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ልጅቱ የተነከረውን ሙዝ አፏ ላይ ያዘችላት። እትዬ ወግ ግራ ቀኝ አየች፤ ማንን እንደፈራች እንጃ፤ ከዚያ ገመጠች። የክት ቀሚሷ ደረት ላይ ቸኮሌት ጠብ አለ። አላየችውም። ወይም አይታ ተወችው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ብርቱካን በእጅ፣ ዳቦ በእጅ፣ ሲያልቅ ጣት ብቻ። ጋሼ ከሳሎን “ሁለተኛው ንግግር አለኝ እኮ!” ሲሉ ቆዩና ሰሚ ቢያጡ ጫማቸውን አውልቀው መጡ። አንደኛው ካልሲያቸው ቀዳዳ ነበረው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶ መሰልን ልል ነበር፤ እነዚያ ግን አፋቸው ንጹሕ ነው።

ልጅቱ ጣቷን እየላሰች፣

“አልጋዬ ላይ የተቆለለው ጨርቅ የማን ነው?” አለች።

“የደንበኛ ነው። ምነው?”

“አንሺዋ። የት ልተኛ ነው?”

እትዬ ወግ ብድግ አለች። ሄዳ ያደረገችው ግን ቅጥ ያጣ ነበር፤ የደንበኛን ሐር በቸኮሌት እጇ ታቅፋ ሶፋው ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ዘረገፈችው።

ተለወጠች ብዬ ልጨርሰው ነበር፤ ግን የሚያውቋት ይታዘቡኛል። በሳምንቱ ለወጥ ቤቱ ወለል አራት ትራስ ሰፋች፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ፣ ዙሪያቸው ዳንቴል። ቀዩ የእንግዳ ነው አለች። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ አውቃ ቀዩ ላይ ዘፍ ትላለች።

“ተነሽ ከዚያ! የእንግዳ ነው!”

“አልነሳም።”

“ተነሽ ነው የምልሽ!”

ይኼን ጭቅጭቅ ስንት ዓመት ከፊት ለፊት ስሰማ ኖርኩ። እትዬ ወግን ከቀበርን በኋላ ልጅቱ ሰማያዊውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ጉልበቴ ወለል እምቢ ስላለኝ ወንበሬ ላይ አድርጌዋለሁ። ቀዩ እዚያው ወጥ ቤት ነው። ባለፈው ልጠይቃት ገብቼ “አረፍ በይ” ስትለኝ ቀዩን አየሁትና ቆሜ ቀረሁ።

“እሱማ የእንግዳ ነው” አልኳት።