ያልመረቅሁት መንገድ

የዚህ ገጠመኝ ሰዎች አምስት ነን። ባለቤቴ ዘሃራ፤ አንድ ልጃችን ጀማል፤ የጀማል ጓደኛ ሐሰን፤ ቤት ያከራዩአቸው የመናዊ ሽማግሌ ዓሚ ሳልህ፤ አምስተኛው እኔ ይመር ነኝ። ሐሰንን በዓይኔ አላየሁትም። ዓሚ ሳልህንም ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩ የሆነው የየመን ጦርነት በተፋፋመባቸው ዓመታት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው፣ አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ "ይመርቁኝ" ባለኝ ቁጥር ያ ጊዜ ስለሚመጣብኝ ነው።

ትውልዴ ወሎ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ የቻልኩት ከጎለመስኩ በኋላ በራሴ ጥረት ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ራሱን ያስተማረ ሰው፣ ልጁም ራሱን ማስተማር እንደሚችል ማመን ይከብደዋል። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ዳማድ አጠገብ ባለ የማንጎ እርሻ ላይ ሦስታችንም ለአንድ ከፊል፣ ማለትም ለአንድ አሠሪ እንሠራ ነበር። እኔ እርሻውንና የውሃ ሞተሩን እጠብቃለሁ፤ ዘሃራ በከፊሉ ቤት ታበስላለች፤ ጀማል በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በቪዛ ካስመጣሁት ጀምሮ ከጎኔ ይሠራል። ሞተር መፍታትም፣ ዛፍ መግረዝም፣ መኪና መንዳትም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደመወዙን እኔ እቀበልለታለሁ፤ ልብሱን እኔ እገዛለታለሁ፤ ከማን ጋር እንደዋለ እጠይቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላውም እንደዚያው ነበር። ልጅ እንዲህ ካልተያዘ ይባክናል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ጭራሽ ስህተት ነበር አልልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ፈትተን ስናጸዳ፣ ጀማል ሳምጣ ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። ሳምጣ ወደ የመን ድንበር የተጠጋች ከተማ ናት። ሥራው ዋይት መንዳት ነው፤ ዋይት የሚሉት የውሃ ቦቴውን ነው። ሹፌሮች ከየመን የሚተኮሰውን መድፍ ፈርተው ስለሚሸሹ ክፍያው ጥሩ ነው። ከፊላችንንም አነጋግሮት ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ ወደ አዲሱ አሠሪ እንዲያዛውር ፈቅዶለታል።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እኔን ከመጠየቁ በፊት ከፊሉን ጠየቀ። ሄጄ እንዲከለክልልኝ ለመንኩት። ሳቀብኝ፤ ልጅህ ጢም አውጥቷል፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ተወው አለኝ።

በእኛ ልማድ ልጅ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ የአባቱን ጉልበት ይስማል። አባት እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፤ ቤተሰቡ አሚን ይላል። ያለ ምርቃት ከቤት የሚወጣ ልጅ አላየሁም። እኔም በዚሁ ተማመንኩ፤ ካልመረቅሁት አይሄድም አልኩ። በሚሄድበት ጠዋት ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ጉልበቴን ሳመ። እጄን አልዘረጋሁም።

"መድፍ የሚወድቅበትን መንገድ አልመርቅም" አልኩት።

"መንገዱን ተወው። እኔን መርቀኝ፣ አባየ" አለ።

እንደተንበረከከ ቆየ። የሚወስደው መኪና ጡሩምባ ሲያሰማ ተነሣ፤ እናቱን አቅፎ ሳማትና ሄደ። ዘሃራ መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር እየመረቀች ተከተለችው። ስትመለስ አልጮኸችብኝም። "ምን ይጎድልብህ ነበር?" ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሞተር ስፈታ፣ ዞር ሳልል እጄን ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፤ መፍቻ የሚያቀብለኝ የለም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ ይህን አይቶ ይቀልድብኝ ነበር። "ጋሽ ይመር፣ ልጅዎ ዋይት እየነዳ እርስዎ ገና ቱቦ ይጎትታሉ? ሄደው ረዳቱ ይሁኑ እንጂ" ይለኛል። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም።

ጀማል ለእናቱ ሲደውል ወደ ማንጎው እወጣለሁ። ግን ርቄ አልሄድም። የዘሃራ ሳቅ ከተሰማኝ ልጁ ደህና ነው ማለት ነው። ስልኩን ላቀብልህ ስትለኝ ሥራ ላይ ነው በይው እላታለሁ። አንድ ቀን ተመልሶ መጥቶ፣ አባየ ልክ ነበርክ እንዲለኝ እጠብቅ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት፣ በሳምጣ መንገድ ላይ መድፍ ወድቆ አንድ ዋይት መታ፣ ሹፌሩም ሐበሻ ነው የሚል ወሬ እርሻው ድረስ መጣ። የጀማል ስልክ ዝግ ነው። ዘሃራ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። ፊቴን አየችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ቢጠራ ብላ እሷ ቀረች፤ እኔ ወደዚያ በሚሄድ የአትክልት መኪና ተሳፈርኩ።

ተፍቲሽ ላይ፣ መኪና በሚፈተሽበት ማለቴ ነው፣ ወታደሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ልጄ ዘንድ አልኩት። የት ሰፈር ነው የሚኖረው አለኝ። አላውቅም። የአሠሪውንስ ስም አለኝ። እሱንም አላውቅም። ኢቃማዬን አገላብጦ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝና አሳለፈኝ። ዘሃራ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ቦቴዎቹ ውሃ የሚሞሉበት ቦታ ወርጄ "ጀማል የሚባል ሐበሻ" እያልኩ ጠየቅሁ። አንድ ሱዳናዊ ሹፌር እጄን ያዘኝና፣ ጀማል ደህና ነው፣ የሞተው አብሮት የሚኖረው ሐሰን ነው አለኝ። "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የሌላ ሰው ልጅ ሞቶ ይህን ቃል በዚያ ደስታ ማውጣቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሱዳናዊው ቤቱ ድረስ አደረሰኝ። ጀማል ገና ከሆስፒታል መመለሱ ነበር፤ የሐሰን አስከሬን እዚያው ነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ አቀፈኝ፤ መጀመሪያ ለእናቱ አብሮት በሚኖር ልጅ ስልክ ደወለላት። ከዚያ ፍራሽ አንጥፎ አስቀመጠኝ፣ እጄን አስታጠበኝ፣ የሚበላ አቀረበልኝ። ሁሉንም በሥርዓት አደረገው። በልጄ ቤት እንግዳ ነበርኩ።

አብረውት የሚኖሩት ልጆች የእኔንና የእሱን ነገር አያውቁም። አንደኛው ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ "አባባ፣ በዕድሜ ትልቁ እርስዎ ነዎት፤ ለሐሰን ዱዓ ያድርጉለት፤ አባቱ ሩቅ ነው" አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። መልኩን ለማላውቀው ልጅ ምሕረት ለመንኩ። ሁሉም አሚን አሉ። ከሁሉም መካከል የጀማልን ድምፅ ለየሁት።

ወደ ማታ አከራያቸው ዓሚ ሳልህ ሊያስተዛዝኑ መጡ። ማን እንደሆንኩ ሲነግሯቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጀማል በየጠዋቱ ዋይቱን ከማስነሣቱ በፊት በራቸው ላይ ቆሞ ዱዓ እንደሚለምናቸው፣ እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው እንደሚሸኙት በዓረብኛ ነገሩኝ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

"አባቱ የሞተ መስሎኝ ነበር። ቦታህን ይዤ ከሆነ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። የእኔን ልጅ እንዲመርቁ ማን ፈቀደላቸው አልኩ በልቤ። ከዚያ በየጠዋቱ እሳቸው በር ላይ የቆመው ልጄ ታየኝ። ተነሥቼ ግንባራቸውን ሳምኩ።

በማግስቱ ጀማልን ወደ ቤት እንመለስ አልኩት። አልተቆጣም። "ሐሰን ውሃ የሚያደርስላቸው ቤቶች እየጠበቁ ነው፣ አባየ። ዛሬ የእሱንም ተራ እኔ ነኝ የምሠራው" አለኝ። እንደገና አልለመንኩትም።

መኪና እንዳገኝ በዋይቱ እስከ ተፍቲሹ ሸኘኝ። መንገድ ላይ እጄን ዘርግቼ መረቅሁት። ያኔ ልለው የሚገባኝን ሁሉ አልኩ፤ ዕድሜህ ይርዘም፣ ክፉ አይንካህ፣ የሄድክበት ይቅናህ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ "አሚን" አለ። ከዚያ ለእማየ ሰላም በላት አለኝና አወረደኝ። አሚን ያለው ምርቃቴን እንደ ልጅ ተቀብሎት ይሁን፣ ወይስ እኔ ሽማግሌው እንዳላፍር ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንገዱ አደገኛ ነው ማለቴ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኔ ግን ማንንም አላተረፈም። ልጆች ላሏችሁ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ልጅ ከቤት የሚወጣው ዕድሜው ስለደረሰ ነው እንጂ አባቱ ስለፈቀደ አይደለም። ፈቃዳችሁን ብትከለክሉ የእናንተ ጉዳይ ነው። ምርቃቱን ግን ከፈቃዱ ጋር አትያዙበት። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ አየኋቸው።

የሁላችንም ሒሳብ ሲደመር ይህ ነው። ሐሰን ነፍሱን ከፈለ፤ እሱን የወሰደው ጦርነቱ ነው። አባቱ የልጁን መቃብር ሳያይ ይኖራል። ዘሃራን ያን ቀን ስልክ ይዛ ስትጠብቅ የጀመራት የልብ ሕመም አልለቀቃትም፤ በዓመቱ ወሎ ገባች። ዓሚ ሳልህ የራሳቸው ያልሆነ ልጅ በየጠዋቱ እየሸኙ በሥጋት ኖሩ። ጀማል አሁን ይደውልልኛል፤ ነገር ሁሉ ከወሰነ በኋላ ይነግረኛል፤ መርቀኝ ግን ብሎኝ አያውቅም። እኔም በማንጎው ቤት ብቻዬን ነኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር የነበርን ሦስት ሰዎች ዛሬ በሦስት ጣሪያ ሥር ነን።